ሻሚል ከወንበሩ የወረደለት ሰው

ኢንስፔክተር ተረፈ ሚዛን ተፈሪ ላይ ሰው ሞቶ በተገኘ ቁጥር ዝናብ ይዘንባል ብሎ ማመን ከጀመረ ሰንብቷል። ነገሩ ምሥጢር የለውም፤ በዚህ አገር ዝናብ የማይዘንብበትን ቀን ፈልጎ ማግኘት ራሱ አንድ ምርመራ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋትም ባጃጁ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከአሮጌ ወንበሮች ሱቅ ደጃፍ ሲያወርደው ጫማው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ፤ ቀኝ ጉልበቱም እንደ ልማዱ ጠቅ አደረገው። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ነው የቀረው። ያቺ ጥቂት ግን አላልቅ ብላ አድክማዋለች።

ሟቹን ያገኘችው ጎን ለጎን ጨርቅ የምትሸጠው ማናልሞሽ ናት። የሻሚል ሱቅ በር ገርበብ ብሎ፣ ቁልፉ ሳይቆለፍ ተንጠልጥሎ ብታይ፣ ዛሬስ ቀደመኝ ብላ ገፋ አደረገችው። ከዚያ በኋላ ያየችውን ለመናገር ደጋግማ ጀምራ ደጋግማ አለቀሰች። ተረፈ ትከሻዋን ነካ አድርጎ አለፋትና ገባ።

ሻሚል በጀርባው ተዘርግቷል። ቤተሰቦቹ ለቡና ንግድ ከጅማ በኩል መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ገና ሃምሳ ያልሞላው፣ ከተማው የሚወደው ተጫዋች ሰው ነበር። ቡናውን ለታላቅ ወንድሙ ትቶ እሱ አሮጌ ወንበር ሰብሳቢ ሆነ። ከጌጫ፣ ከቴፒ ዙሪያ፣ ከየገጠሩ ቤት ጭስ የጠገበ በርጩማና ባለ መደገፊያ ወንበር እየገዛ፣ አዲስ ቤት ለሠራ ሁሉ ይሸጣል። የራስ ቅሉ ኋላ ለሽያጭ ከተቀመጠው የጥንት ወፍጮ ድንጋይ ጠርዝ ላይ አርፏል። የሸሚዙ የደረት ቁልፎች ተበጥሰዋል። እግሩ ስር ባለ ሦስት እግር አጭር በርጩማ ተገልብጣለች።

ከበርጩማዋ ትይዩ አንድ ሌላ ወንበር አለ። በደርግ ጊዜ ከመንግሥት ቡና እርሻ ቢሮ የወጣ፣ መደገፊያው ከፍ ያለ የቆዳ ወንበር ነው። በላዩ ንጹሕ ነጭ ፎጣ ተነጥፎበታል። የቀሩት ወንበሮች በሙሉ ተገለባብጠው፣ እርስ በርስ ተደራርበው፣ ለጭነት በገመድ ታስረው እስከ ጣራው ደርሰዋል። ተረፈ ፎጣውን ለረጅም ጊዜ አየው። ምን እንደሚያይ ግን አላወቀም።

ሳጅን ሆሳዕና ከጠረጴዛው ስር መሮ አወጣች። ማናልሞሽ ከደጅ ሆና መሮውን ስታይ የማን እንደሆነ ወዲያው ተናገረች። የጠራቢው የኢዮሲያስ ነው። ትናንት ከሰዓት መጥቶ ከሻሚል ጋር ሲጨቃጨቅ፣ ድምፁ የእሷ ሱቅ ድረስ ይሰማ ነበር። ሲወጣም "ቆይ፣ አሳይሃለሁ" ማለቱን በጆሮዋ ሰምታለች።

"ከእሱ በኋላስ ማን መጣ?" አላት ተረፈ።

እሷም ለሻሚል ደንበኞች ያዋሰችውን የፕላስቲክ ወንበሯን ወስዳ ሱቋን የዘጋችው ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ አዛን በፊት ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲያ የሆነውን አታውቅም። ሐኪሙ ደግሞ ሰውየው የሞተው በመሸ ጊዜ መሆኑን ተናገረ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ኢዮሲያስ ታሰረ። ያሳሰረው የጣቢያው አዛዥ ነው። አዛዡ ተረፈ ራሱ ያሠለጠነው ልጅ ሲሆን፣ አሁን ተረፈ ወንበሩን እየለቀቀለት ይነሳል። "መሮው አለ፣ ዛቻው አለ፣ ምን ቀረህ?" አለው። ተረፈም ምን እንደቀረው አላወቀም።

ኢዮሲያስ እጁ ከፊቱ ቀድሞ የሚያረጅ ዓይነት ሠራተኛ ነው። ፊቱ የልጅ ነው፤ ጣቶቹ ግን በጠባሳ ተሞልተዋል። የቤንች ልጅ ነው፤ አማርኛውን ቀስ ብሎ፣ እየመረጠ ይናገራል። ሚስቱ ትዝታ አራስ ናት፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ገና ስም አልወጣለትም። እናቱ እትዬ አጸደ ከጣቢያው አጥር ስር ስንቅ ይዘው ዝናብ ይመታቸዋል። ወሬው ከተማውን አዳርሶ፣ የመናኸሪያ ጎረምሶች የኢዮሲያስን የሥራ ቤት ቆርቆሮ በድንጋይ ደብድበውታል። ተረፈ ይህን ሁሉ ያውቃል። ልጁ ካልገደለ ቶሎ መውጣት አለበት፤ ከገደለም ቶሎ መናዘዝ ነበረበት።

"በምን ተጣላችሁ?"

"በሥራ ነው፣ ጋሼ። አዲሱን አሮጌ አድርግልኝ ይለኛል። ጭስ ላይ ስቀለው፣ የመኪና ዘይት ቀባው፣ እግሩን በሞረድ ብላው። እኔ አልፈልግም። እኔ የምሠራው ወንበር አዲስ ነው። ስሜን ከሥሩ እጽፍበታለሁ። እሱ ይፍቀዋል።"

"መሮህስ?"

"ተናድጄ ስወጣ ረሳሁት።"

"ማታስ የት ነበርክ?"

ልጁ ጥቂት አሰበ። ቤተ ክርስቲያን፣ የመዘምራን ልምምድ ላይ እንደነበር ተናገረ። ሆሳዕና ወጥታ ስልክ ደውላ ተመለሰችና ለተረፈ በዓይኗ ነገረችው። ኢዮሲያስ ያን ማታ ልምምድ ላይ አልነበረም። ተረፈ ውሸት በሰማ ቁጥር የሚሰማው ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር። ብዙ ሰው የሚዋሸው ባልተጠየቀበት ጥፋት ነው፣ ያን ጥፋት ፈልጎ ማግኘት ደግሞ የተረፈ ሥራ ነው።

ከወንጀሉ በፊት ሱቁ ከገቡት ሰዎች አንዷ ሳባ ነበረች። የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አላት፣ ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ አዲስ ቤት ሠርታለች፣ ቤቷንም በአሮጌ ወንበር ልትሞላ ተነስታለች። ሳሎኗ ገና ቀለም ይሸታል። ወንበሮቹ ተሰልፈዋል፤ አንዱ በርጩማ፣ አንዱ ባለ መደገፊያ፣ አንዱ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ። ተረፈ ጉልበቱ ተቀመጥ ተቀመጥ ቢለውም በየትኛው እንደሚቀመጥ ግራ ገባው።

"የወደዱት ላይ ይቀመጡ" አለችው። "ለዓይን አይደለም የሰበሰብኳቸው።"

ከዚያ ሳይጠይቃት ማስተማር ጀመረች። አሮጌ ወንበር የሚመርጥ ሰው መቀመጫውን አያይም፤ ይገለብጠዋል። መቀመጫውን ማንም ያጠቁረዋል፣ ማንም ያለሰልሰዋል። እግሩ ግን ሰውየው እንዴት ይቀመጥ እንደነበር ይናገራል፤ ወደ ግራ የሚያጋድል ሰው የግራውን እግር ይበላዋል። ሽታው ደግሞ የምድጃ ጭስ መሆን አለበት እንጂ የዘይት አይደለም። ከአንድ ግንድ የወጣ ከሆነ ሚስማር አይገኝበትም። ወንበሩ ለቤቱ ካልከበደው፣ ቤቱም ለወንበሩ ካልከበደው፣ ያኔ ይገዛል። ተረፈ በሕይወቱ ወንበር መርጦ አያውቅም፤ መንግሥት የሰጠው ላይ ነው የተቀመጠው። ግን ንግግሯ አላስጠላውም።

"ትናንትስ ምን ገዙ?"

"የአባቱን ወንበር።" ሳባ ስልኳን አወጣች። ፎቶው ላይ ጥቁር፣ ባለ ሦስት እግር፣ መደገፊያው እንደ ጋሻ ሰፊ የሆነ ወንበር አለ። "ቤቱ አይቼው ስለምነው ኖርኩ። አልሸጥም፣ አልሸጥም ሲል ቆይቶ በመጨረሻ እሺ አለኝ። ትናንት ሱቁ አይቼው፣ ገልብጬ፣ አሽትቼ መረጥኩት። ዛሬ ሊያመጣልኝ ነበር። ፎቶውን ወዲያው ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት፤ ደስ ብሎኝ።"

ተረፈ ቀና አለ። ሱቁ ውስጥ እንዲህ ያለ ወንበር አላየም።

ሆሳዕና ከመኪናው ወርዳ ሳሎኑ ስትገባ ሳባን ጠረጠረቻት። ሴትየዋ ቀብድ ሰጥታ ወንበሩ ሲዘገይባት ተናድዳ እንደሆነስ? ነገር ግን ሳባ ያን ማታ ቴፒ ሠርግ ላይ ነበረች፤ መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ እዚያው አድራ ከሙሽራዋ ቤተሰብ ጋር ቁርስ በልታለች። ይህን ደግሞ ግማሽ ቴፒ ይመሰክራል። ተረፈ ሊወጣ ሲል ሌላ ነገር ትዝ አለው።

"ሱቁ ስትሄጂ የት ላይ ነበር የተቀመጥሽው?" ሳያስበው አንቺ አላት።

ሳባ ሳቀች። "የጎረቤቷ የፕላስቲክ ወንበር ላይ። እኔን የመሰለ ደንበኛ! እሱ ግን ከዚያ ከቆዳ ወንበሩ አይነሳም። ወገቡን ያመዋል፣ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አይችልም። ሽማግሌ ቢመጣ እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል እንጂ አይለቅም፤ ሰዉም ለምዶታል።"

ተረፈ አመስግኖ ወጣ። መንገድ ላይ ይህን ነገር አላሰበውም። ሐሳቡ የጠፋው ወንበር ላይ ነበር፤ ወንበር ለመስረቅ ሰው የሚገድል ማን ይሆን እያለ ስለ አሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች፣ ስለ ጅማ መንገድ፣ ስለ ጭነት መኪናዎች ሲያወራ ዋለ። ሆሳዕና ኬላዎቹ ላይ ደወለች። ምንም አልተገኘም።

ከቀብሩ በኋላ ወደ ሟቹ ቤት ጎራ ብሎ ሚስቱን ሁስናን ለአፍታ አናገራት። ሁስና ፊቷን ሸፍና ተቀምጣ ነበር። ከሱቁ ወይም ከቤቱ የጎደለ ነገር እንዳለ ጠየቃት። "የጎደለ ነገር የለም" አለችው። "እሱ ነው የጎደለው።" ተረፈ ሐዘን ነው ብሎ አለፈው። ያን መልስ በኋላ ሲያስታውሰው ራሱን ይወቅሳል፤ ሴትየዋ ቃል በቃል እውነቱን ነግራዋለች።

በማግሥቱ እትዬ አጸደ ከአጥሩ ስር ተነስተው ተረፈን እጅጌውን ያዙት። ልጃቸውን ከመታሰሩ በላይ የሚያስፈራው ሌላ ነገር እንዳለ፣ እሱ ግን እንደማይናገር ነገሩት። ሸዋ ቤንች አጠገብ ያለ የአንድ ገበሬ ስም ሰጡት። "እኔ ነገርኩህ አትበለው" አሉ። "እናቴ ከፖሊስ ጋር ተማከረች ብሎ ይቀየመኛል።"

ተረፈና ሆሳዕና በሚኒባስ ሄዱ፣ ከሚኒባሱም ወርደው በቡናው መሃል ሽቅብ ተራመዱ። የተረፈ ጉልበት መንገዱን በሙሉ ሰደበው። ገበሬው መጀመሪያ ምንም አላውቅም አለ። ከጓሮው ኮባ ቅጠል የለበሰ ትኩስ የዋንዛ ግንድ ሲገኝ ግን ተቀመጠ። ዋንዛ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ያስቀጣል። ኢዮሲያስ ያን ማታ እዚህ ነበር፤ ሁለቱ ሰው እንዳያያቸው አምሽተው ግንዱን ጥለው፣ እርጥቡ እንዳይሰነጠቅ በቅጠል ሸፍነው፣ ልጁ እዚያው አድሮ ሲነጋ ወርዷል። የሰው ነፍስ አጥፍተሃል ሲባል የት እንዳደረ የደበቀው፣ በአንድ ግንድ ሰበብ ይህን ገበሬ እንዳያሳስረው ብሎ ነው።

ተረፈ ደስ ብሎት ተመለሰ። አዛዡ ግን አልተደሰተም። ገበሬው የልጁ አጎት ልጅ ነው፤ ዘመድ ለዘመድ የማይመሰክረው ምን አለ ሲል ጠየቀ። ነገ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጊዜ ቀጠሮ ይጠየቅበታል፣ ከዚያም ወደ ማረሚያ ቤት ይሄዳል። "ሌላ ሰው አምጣልኝ" አለው። "ያለዚያ ያለኝ እሱ ነው።"

ያን ምሽት ትዝታ የአራስ ልብሷን ለብሳ፣ ሕፃኑን ታቅፋ ጣቢያ ድረስ በባጃጅ መጣች። የከተማው ሰው አራስ ከቤት አይወጣም ብሎ ቢገስጻት አልሰማችም። ተረፈ ወንበር አቀረበላት። ልጅሽ ስም ወጣለት ወይ አላት። አባቱ ሲወጣ አለችው።

በማግሥቱ ጠዋት ፍርድ ቤቱ ሳይከፈት፣ ተረፈ ለቅሶ ቤት ሄደ። ሥራ ብሎ ሳይሆን፣ ሌላ የሚሄድበት ስላጣ ነው። ድንኳኑ ውስጥ የሻሚል ታላቅ ወንድም ሰማን ለቀስተኛ ይቀበላሉ። ሰማን ስድሳውን ያለፉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ የቡና ነጋዴ ናቸው። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው፤ ተረፈም በሥራ ዘመኑ ብዙ ነገር ወደ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በእሳቸው እጅ አልቆለታል።

ተረፈ ጥግ ላይ ባለች የእንጨት ወንበር ተቀመጠ። ሰማን ለሰላት ወጥተው ሲመለሱ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ከዘመዶቹ አንዱ፣ ፂሙ ሸበት ያለ ጎልማሳ፣ ወዲያው ከወንበሩ ተነሳ፤ በትከሻው የነበረውን ፎጣ አወረደ፣ መቀመጫውን ጠረገ፣ ፎጣውን አነጠፈና ራሱ ምንጣፉ ላይ ዝቅ አለ። ዝቅ ሲል ፊቱን አኮማተረ፤ እሱም የሚያመው ነገር ነበረው። ሰማን ሳያዩት ተቀመጡ፤ ዕድሜ ልካቸውን የተለቀቀላቸው ስለሆነ ማየት አያስፈልጋቸውም።

ተረፈ የያዘውን የውሃ ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጠ። ነጩን ፎጣ አስታወሰ። የሻሚል ወገብ ትዝ አለው። ማናልሞሽ የፕላስቲክ ወንበሯን ወስዳለች፤ የቀሩት ታስረዋል። ሱቁ ውስጥ የነበሩት መቀመጫዎች ሁለት ናቸው፣ አንድ ከፍ ያለና አንድ ዝቅ ያለ። ሻሚል በዚያ ወገቡ ዝቅ ባለው ላይ ተቀምጧል። ለደንበኛ አይወርድም። ለጠራቢው አይወርድም። ለሌባማ ማን ፎጣ ያነጥፋል?

ልቡ አልፈለገውም። ተነስቶ ወደ ቤቱ ውስጥ ገባና ሁስናን አስጠራት።

"እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሻሚል ወንበሩን ለቅቆ ዝቅ ብሎ የሚቀመጠው ለማን ነበር?"

"በዚያ ወገቡ? ለማንም።" ጥቂት አሰበች። "ለጋሼ ሰማን ብቻ። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ እንደ አባት ነው የሚያያቸው። እኔ ተው ስለው፣ ቢቆረጥም ከፊታቸው ከፍ ብዬ አልቀመጥም ይለኛል።"

ተረፈ ወደ ድንኳኑ ዞሮ አየ። እሷም ዓይኑን ተከትላ፣ የጥያቄውን ትርጉም ቀስ በቀስ ተረዳች። ሻርፗን ወደ አፏ አስጠጋች። አልጮኸችም።

ሰማንን ከለቀስተኛ መሃል በፖሊስ እጅ ማስነሳት ተረፈ አልሆነለትም። ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው፣ ለብቻዎ ላናግርዎት አላቸው። ሰማን ተነሱ፤ ሰዉም ስለ ሟቹ ጉዳይ ይሆናል ብሎ መንገድ ለቀቀ። ቤታቸው ከመንገዱ ማዶ ነው። ሳሎኑን አልፈው ወደ መኝታ ክፍሉ እሳቸው ራሳቸው አስገቡት። ጥግ ላይ ነጭ አቡጀዲ የለበሰ ነገር ቆሟል። ተረፈ ጨርቁን ገለጠው፤ ፎቶው ላይ ያየው ወንበር ነው።

"ዛሬ እመጣ ነበር" አሉ ሰማን። "ትናንትም እመጣ ነበር። ለቀስተኛ መጣ። ከጅማ ዘመድ መጣ። እስኪሄዱ ልጠብቅ አልኩ።"

"ልጁ ታስሯል፣ ጋሼ ሰማን። ሚስቱ አራስ ናት።"

"አውቃለሁ።" ተቀመጡ፤ አልጋው ጫፍ ላይ። ፊታቸው ላይ ተረፈ ያየው ፍርሃት ሳይሆን እፎይታ ነበር፤ ይህም አሳዘነው። "ምንም አላደረገ፣ ይፈቱታል እያልኩ ራሴን ስሸነግል ሰነበትኩ።"

ነገሩን ራሳቸው ተረኩለት። ያን ቀን የጅማ ዘመድ ፎቶ ላከላቸው፤ የአባታችሁ ወንበር የሰው ሳሎን ሊያሞቅ ነው ወይ ብሎ። አባትየው የመጨረሻ ዘመናቸውን በሻሚል ቤት ስላሳለፉ ወንበሩ እዚያው ቀርቶ ነበር። ሰማን የወንድማቸው ቤት ሄደው ቢያዩ፣ ወንበሩ የሚቆምበት ቦታ ባዶ ነው። በዚያው እግራቸው ሱቁ ሄዱ።

"ሲያየኝ ተነሳ። ፎጣ አነጠፈልኝ። ከታች፣ በዚያች በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ከኋላው ቆሟል። አባትህን ሸጥክ አልኩት። ያልኩትን ሁሉ አልነግርህም። አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም። 'ጋሼ፣ ይጨርሱና እነግርዎታለሁ' አለኝ። እኔ መጨረስ አቃተኝ። ደግሞ ቆይቶ፣ 'ይጨርሱና' አለኝ። ምን ትነግረኛለህ ብዬ ደረቱን ይዤ ገፋሁት።"

ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወደ ኋላ ለመገልበጥ ብዙ አይፈልግም። ሰማን የሆነውን ሲያዩ ወንድማቸውን ጠሩት፤ አልመለሰም። ከዚያ የአባታቸውን ወንበር ተሸክመው፣ በሩን ገርበብ አድርገው፣ በዝናቡ ወጡ። ለምን ወንበሩን እንደወሰዱ አሁንም አያውቁም።

ተረፈ ለሁስና ራሱ ሊነግራት ተመለሰ። የዚህን ዓይነት ዜና ለሆሳዕና መስጠት ይችል ነበር፤ ግን አሳፈረው። ሁስና ቀድማ ገምታው ስለነበር አላቋረጠችውም። በአባታቸው ወንበር ሰበብ ነው ሲላት ግን ቀና አለች።

"በየትኛው ወንበር?"

"አባታቸው ሲቀመጡበት በነበረው። ለሳባ የሸጠው።"

ሁስና ተነሳች። መኝታ ቤት አስገብታው ከቁም ሣጥኑ ኋላ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ጎተተች። ብርድ ልብሱን ስትገልጠው ተረፈ አንድ እርምጃ ጠጋ አለ። ሰማን ቤት ያየው ወንበር እንደገና ፊቱ ቆሟል።

"አባቴን አልሸጥም ነው ያለኝ" አለች። "ሴትየዋ አልላቅቅ ብትለው ለኢዮሲያስ አንድ አስመስለህ ሥራልኝ አለው። አዲሱን እዚህ ማእድ ቤቴ ውስጥ ስንት ጊዜ ጭስ ላይ ሰቅሎት ከረመ። ይኼኛውን እንዳታየው ብሎ ደበቀው። ለኢድ ለጋሼ እወስድላቸዋለሁ፣ የታላቅ ነው የሚገባው ይል ነበር።"

ተረፈ ወንበሩን ገለበጠው። የቀኙ እግር ከሌሎቹ ይልቅ ተበልቶ አጥሯል። ሳባ ያስተማረችው ትምህርት ለራሷ አልጠቀማትም፣ ለእሱም የደረሰው ዘግይቶ ነው።

ሁለቱ ወንበሮች የተረፈ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ ክፍሉ ጠበበ። ኢዮሲያስን ከማረፊያ አስመጣው። ልጁ ሁለቱንም ሳይገለብጥ ለየ። ወደ አዲሱ ሄዶ ከመቀመጫው ሥር በጣቱ ዳበሰ፤ እንጨቱ እዚያ ጋ ተፍቆ ይሻክራል።

"ይሄ የኔ ነው" አለ። "ስሜ እዚህ ጋ ነበር።"

"ቀድመህ ለምን አልነገርከኝም?"

"የትኛው ወንበር ብለው አልጠየቁኝም፣ ጋሼ። ሰውየው ደግሞ ሞቷል። በማታለሉ ስሙን ላንሣ?"

ተረፈ በሩን ከፈተለት። ሂድ፣ ሚስትህ ትጠብቅሃለች አለው። ስለ ዋንዛው ሌላ ቀን እንነጋገራለን ሲለው ልጁ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ፈገግ አለ። ከአጥሩ ማዶ እትዬ አጸደ በቤንችኛ ስሙን ሲጠሩ ተሰማ።

ሰማን ይህ ሁሉ ሲሆን እዚያው ክፍል ጥግ ቆመው ነበር፤ ወንበር ቢቀርብላቸውም አልተቀመጡም። ልጁ ከወጣ በኋላ ወደ አሮጌው ወንበር ጠጋ ብለው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው የተበላውን እግር ያዙት። አባታቸው ወደ ቀኝ ያጋድሉ ነበር፤ በልጅነታቸው ከዚያ እግር ሥር ተቀምጠው ቁርዓን ተምረዋል። እንዴት ሳያዩት እንደቀሩ አልገባቸውም። ቤታቸው የሸፈኑትን ወንበር አንዴም አልገለበጡትም።

"ሊነግረኝ የነበረው ይሄን ነው" አሉ።

"ይመስለኛል።"

"እስክጨርስ ጠበቀኝ። በልጅነቱ አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ታላቅ ሲናገር አታቋርጥ ብዬ የቀጣሁት። ቢያቋርጠኝ ኖሮ . . ."

አልጨረሱትም። ተረፈ ቃላቸውን የሚቀበልበትን ወረቀት አዘጋጅቶ እስኪረጋጉ ጠበቀ። በዚህ ሁሉ ዓመት ብዙ ሰው አናዝዟል፤ እንደዚህ ጠያቂ መሆን የከበደው ግን ትዝ አይለውም። ቤቱ ገብቶ መተኛት ፈለገ።

ሰማን ተነስተው ከጠረጴዛው ፊት ቆሙ። "ተረፈ፣ አንድ ነገር ለምኜህ አላውቅም" አሉ። "ገደልኩት። እሱን ጻፈው። ወንበሩ አዲስ እንደነበረ ግን አትጻፍብኝ። ልጆቼ አባታችን በአያታችን ወንበር ተናዶ ነው ይበሉ። በማይረባ እንጨት አይበሉኝ።"

ተረፈ እስክርቢቶውን ያዘ። ሊያደርግላቸው ፈለገ፤ ይህን ለራሱ አልደበቀም። ስለ አዲሱ ወንበር የተባለውን ትቶ ቃላቸውን አሳጥሮ መጻፍ ለእሱ ምንም አልነበረም።

"ካልጻፍኩት፣ ጋሼ፣" አላቸው ቀስ ብሎ፣ "ሻሚል የአባቱን ወንበር የሸጠ ሰው ሆኖ ይቀራል።"

ሰማን ሁለቱን ወንበሮች ተራ በተራ አዩ። ከዚያ ወንበር ሳይስቡ፣ ምንም ሳያነጥፉ፣ ቀስ ብለው ሲሚንቶው ላይ ዝቅ ብለው ተቀመጡ።

"ጻፈው" አሉ።